አለንጋና ደወል

ስለ ቄስ ትምህርት ቤት በተወሳ ቁጥር ከሁሉ አስቀድሞ በሰው ኅሊና የሚመጣው አለንጋ ነው። የኔታ በዛፍ ጥላ ሥር ወይም በቤተ ክርስቲያን አጥር ጥግ ተቀምጠው፣ አለንጋቸውን ከጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ ፊደል የሚቆጥሩትን ሕፃናት ሲጠብቁ የሚያሳየው ሥዕል ተደጋግሞ ቀርቧል። ሥዕሉ ሐሰት አይደለም። ይሁን እንጂ የዚያን ቤት ሥነ ሥርዓት በአለንጋ ብቻ መተርጐም የነገሩን ግማሽ መተው ይሆናል፤ የቀረው ግማሽ ደግሞ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ከቀድሞው ምን እንደ ወረሰና ምን እንደ ጣለ የሚያስረዳው ነው።

በንባብ ቤት ሥራው የሚከናወነው በጩኸት ነበር። አንዱ ልጅ ፊደሉን በስንደዶ እየነካ ይቆጥራል፤ ሁለተኛው አቡጊዳ ላይ ነው፤ ሦስተኛው የዮሐንስን መልእክት በግእዝ ንባብ ያዘግማል፤ ሌላው ያንኑ በውርድ ንባብ ይለዋል፤ ከፍ ያለው ዳዊት ይደግማል። ሁሉም በየድምፁ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ነው። ለእንግዳ ሰው ሁካታ የሚመስለው ይህ ድምፅ ለመምህሩ ዋና መቆጣጠሪያቸው ነበር። ጆሯቸው የሠለጠነ ስለ ሆነ ፊደል የሳተውን፣ ተነሽ የሚባለውን ቃል ወዳቂ አድርጎ ያነበበውን ልጅ ከመካከል ለይተው ያርሙታል። አንዱ ዝም ያለ እንደ ሆነ ግን አለንጋው ያን ጊዜ ይነሣል። በዘመናዊው ክፍል ልጅን የሚያስቀጣው መናገር ሲሆን፣ በዚያ ቤት የሚያስቀጣው ዝምታ ነበር።

ማንም ልጅ ከማንም ጋር እኩል እንዲራመድ አይገደድም ነበር። ፈጥኖ የገባው ወደሚቀጥለው ንባብ ይሻገራል፤ ያልገባው እዚያው ይከርማል። የዘገየውን የሚጠብቅ ፈጣን፣ ፈጣኑን የሚያሳድድ ዘገምተኛ ስለሌለ፣ ሥራ ፈትቶ ጎረቤቱን የሚጐነትል ልጅ ቁጥሩ ጥቂት ይሆናል። ከዚህም በላይ መልእክት የሚያነበው ፊደል የሚቆጥረውን፣ ዳዊት የሚደግመው መልእክት የሚያነበውን ያስጠናል። የኔታ ራሳቸው የሚሰሙት ተጠንቶ የቀረበላቸውን ነው። ዐሥራ ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ታናሹን ሲያስጠና ይውል ስለ ነበር፣ የሚረብሽበት ጊዜም ምክንያትም አነስተኛ ነበር።

በአውሮፓ ይህ ዘዴ እንደ አዲስ ግኝት መቆጠሩን በዚህ አጋጣሚ ማንሣት ይገባል። ጆሴፍ ላንካስተር በ1798 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በለንደን ትምህርት ቤት ከፍቶ ትልልቆቹ ልጆች ትንንሾቹን እንዲያስተምሩ በማድረጉ ስሙ በዓለም ናኘ። ላንካስተር ግርፋትን ይቃወም ነበር፤ በምትኩ ግን ጥፋተኛውን ልጅ በቅርጫት ከጣራ በማንጠልጠልና በአንገቱ ግንድ በማሰር በጓደኞቹ ፊት ማዋረድን መረጠ። አለንጋን መተው ብቻውን ርኅራኄ ነው ማለት እንዳይደለ ከዚህ የተሻለ ምስክር አይገኝም።

ያለፈውን ሥርዓት ለማሞገስ የሚቸኩሉ ጸሐፊዎች ግን የሚዘሉት ገጽ አለ። ቅጣቱ ጽኑ ነበር። አርጩሜው፣ አለንጋውና ቁንጥጫው የዕለት ተዕለት ነገር ሲሆን፣ ከትምህርት የሚኮበልል ልጅ በእግር ብረት እስከ መታሰር ይደርስ ነበር። «ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» የሚለው ብሂል በቤትም በደጀ ሰላምም ሕግ ስለ ነበር፣ የተገረፈ ልጅ አቤት የሚልበት ዳኛ አልነበረውም፤ ወላጁም ከመምህሩ ጋር አንድ ነበር። ስንት ልጅ ከፊደል ጋር ፍርሃትን ተምሮ እንደ ቀረ የቈጠረ የለም፤ በታሪክ የሚናገሩት ጨርሰው የወጡት ናቸውና። ሴት ልጅ ደግሞ ከጥቂቶች በስተቀር ወደዚያ ቤት ደጃፍም አልደረሰችም።

በከፍተኛዎቹ ቤቶች፣ በተለይም በቅኔ ቤት፣ ነገሩ መልኩን ይለውጣል። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከየደጃፉ ቁራሽ እየለመነ የሚማረው የቆሎ ተማሪ በገዛ ፈቃዱ የመጣ ጎልማሳ ነው። ዋሸራን ትቶ ወደ ጎንጅ፣ ጎንጅን ትቶ ወደ ዋድላ ቢሄድ የሚያግደው መዝገብ አልነበረም። ስለዚህ የመምህሩ ሥልጣን በዕውቀታቸው ልክ ብቻ የሚጸና ሆነ፤ ዕውቀታቸው የነጠፈ መምህር ጉባኤያቸው ይበተናል። ተማሪውንም የሚያርሙት በቃል ነው። ቤት ያልመታ፣ ምሥጢር የጎደለው ቅኔ በጉባኤው ፊት ሲመለስበት የሚሰማው ኀፍረት ከጅራፍ የከፋ ነበር። መንግሥቱ ለማ ከአባታቸው ከአለቃ ለማ ኃይሉ አፍ ተቀብለው ለኅትመት ያበቁት «መጽሐፈ ትዝታ» ስለዚህ የተማሪነት ኑሮ ካሉን ምስክሮች አንደኛው ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ግድም ከግብፅ በመጡ የቅብጥ መምህራን ያስጀመሩት ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም ሚያዝያ 19 ቀን 1917 ዓ.ም. የተመረቀው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሌላ ዓይነት ሥርዓት ይዘው መጡ። ደወል ተደወለ፤ ሰዓት ተከፋፈለ፤ ልጆች በክፍል ተመደቡ፤ ሁሉም አንዱን ትምህርት በአንድ ጊዜ፣ በዝምታ እንዲከታተሉ ሆነ። ትምህርቱ በአብዛኛው በባዕድ ቋንቋ ስለ ነበር ያልገባው ልጅ የሚጠይቀው ታላቅ ከጎኑ አጣ፤ ጎኑ ያለው እንደ እርሱው ያልገባው እኩያው ነው። አለንጋው ግን በደጃፉ አልቀረም፤ ተከትሎ ገባ። ከእርሱም ጋር በጠጠር ላይ ማንበርከክ፣ የጣት ጫፍ በማስመሪያ መምታት፣ በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ በዘበኛ እጅ ማስገረፍ በየትምህርት ቤቱ ተለመዱ።

ከሁሉ የሚደንቀው የታላቁ ልጅ ዕጣ ነው። በቄስ ትምህርት ቤት ታላቁ ታናሹን ያስጠና ነበር። በአዲሱ ትምህርት ቤት «የክፍል አለቃ» ተብሎ ሲሾም የማስተማሩ ሥራ ተነሥቶለት የጥበቃው ብቻ ቀረለት። መምህሩ በወጡ ጊዜ የተናገሩትን ልጆች ስም በወረቀት ጽፎ ማቅረብ ተግባሩ ሆነ። ረዳት የነበረው ሰላይ መባሉ አልቀረም። የመደብደቢያው መሣሪያ ተወርሶ፣ ድብደባን ጥቂት ያደርግ የነበረው አደረጃጀት ተጥሏል።

በ1955 ዓ.ም. መጀመሪያ ከ270 በላይ አሜሪካውያን የሰላም ጓድ አባሎች መጥተው አብዛኞቹ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲያስተምሩ፣ ተማሪው መምህሩን በነፃ የሚጠይቅበትና የሚከራከርበት ሌላ ልማድ ተዋወቀ። ያው ትውልድ ጥቂት ቈይቶ በአደባባይ ሰልፍ ወጣ፤ በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራኑ ራሳቸው ሥራ አቆሙ። በዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ በ1967 ዓ.ም. 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ። የቀይ ሽብር ዓመታት ደግሞ በከተማ ክፍሎች የነበረውን መተማመን ሰብረውት አለፉ።

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ግን ለዚህ ታሪክ ታላቅ ቁም ነገር የሚሆን ነገር ደረሰ። የ17 ዓመት ወጣት የ50 ዓመት ገበሬ ፊደል ያስቈጥር ጀመር። «አባባ፣ እንደገና ይበሉት» ከማለት በስተቀር በእጁ ምን ነበረው? አርጩሜ የማይታሰብ፣ ጩኸት ነውር፣ ማስገደድም በቀበሌ በኩል ካልሆነ በቀር የማይቻል ነበር። ሰውዬው ከእርሻ ደክሞ መጥቶ ቢያንቀላፋ እንዲነቃ የሚያደርገው የትምህርቱ ጥቅም ብቻ ነው። ወጣቱ ተመልሶ መምህር በሆነ ጊዜ ይህን ትዕግሥት ወደ ሕፃናቱ ክፍል ይዞ ቢገባ ኖሮ መልካም በሆነ፤ በብዙ ስፍራ ግን ቀድሞ የተገረፈው እርሱም ገረፈ።

ሕጉም ቢሆን ረጅም ጊዜ ከገራፊው ጋር ቆሞ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2039፣ አንድ ሰው በልጁ፣ በሞግዚትነት በሚያሳድገው፣ በተማሪው ወይም በአገልጋዩ ላይ መጠነኛ የአካል ቅጣት ቢፈጽም በኀላፊነት እንደማይጠየቅ ደንግጎ፣ ተማሪንና አገልጋይን በአንድ መስመር አስቀመጣቸው። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው አወጀ።

አለንጋውን ከመምህሩ እጅ የወሰደው ሕግ በምትኩ የሰጠው ነገር ግን አልነበረም። የትምህርት መስፋፋት በተፋጠነባቸው ዓመታት ለአንደኛ ደረጃ በክፍል 50፣ ለሁለተኛ ደረጃ 40 ተማሪ የሚለው መለኪያ በብዙ ትምህርት ቤት ታለፈ፤ መምህሩም ጠመኔውን ብቻ ይዞ በዚያ ሕዝብ ፊት ቆመ። በ2000ዎቹ ዓመታት «አንድ ለአምስት» የተባለው አደረጃጀት መጥቶ በትምህርቱ የበረታው ልጅ አምስት ጓደኞቹን እንዲረዳ ታዘዘ። አንዳንድ መምህራን ሐሳቡን ወደዱት። ነገር ግን ትእዛዙ ከላይ የወረደ፣ ሪፖርት የሚጠየቅበትና ከፖለቲካው መዋቅር ጋር የተሳሰረ ስለ ነበር፣ በየክፍሉ የቡድኑ መሪ መልመጃ ከማስረዳት ይልቅ የቀሩትንና ያልሠሩትን ስም ሲመዘግብ ተገኘ።