ከሾርባ ድስት የወጣች መርከብ

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ነገሩ የሆነው በእንግሊዝ አገር ነው፤ ዘመኑም እንግሊዝና ፈረንሳይ በባሕር ላይ የሚፋጁበት ዘመን ነበር። በውጊያ የተማረከው መርከበኛ ኪንግስ ሊን ወደብ ወረደ፣ ከዚያም በጀልባ ታጭቆ ረግረጉን አገር እያቋረጠ ወደ ፒተርቦሮ አቅጣጫ ተጓዘ፣ ከዚያም በእግሩ ተነድቶ ኖርማን ክሮስ ከሚባል ከፍ ያለ ቦታ ደረሰ። ከታች እስከ ዓይን ጥግ ሜዳ ነው፤ ነፋሱን የሚያግደው ተራራ የለም።

በዚያ ቦታ በ1797 (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥርላችሁ) በጥድፊያ የእንጨት እስር ቤት ተሠርቶ ነበር፤ አንዳንዴ ከ6,000 በላይ ሰው ይታጎርበታል። ሰላም ወረደ ተብሎ በ1802 ባዶ ሆነ፣ ብዙም ሳይቆይ ጦርነቱ አገረሸና እንደገና ሞላ። ትናንት ሸራ ሲወጥርና ገመድ ሲስብ የዋለ እጅ ሥራ ሲፈታ፣ ያ ክረምት እንዴት ይመሻል?

ለእስረኛው ሥጋ ይሰፈርለታል፤ ሥጋው ተቀቅሎ ይበላና አጥንቱ ይቀራል። ያን አጥንት ለቃቀሙት፣ ከዚያም ስቡ እስኪለቀው ቀቀሉት፣ ከዚያም እስኪነጣ ለፀሐይ ሰጡት፤ የዚያ አገር ፀሐይ ደግሞ ስስታም ናትና ትዕግሥቱን አስቡት። ከዚያም እየሰነጠቁና እየፋቁ የጣት ስፋት እንኳ የማይሞላ ሳንቃ አወጡ። ከእንጨት የአንዲት ትንሽ የጦር መርከብ አምሳያ ገላ ጠረቡ፣ የአጥንቱን ሳንቃ አንድ በአንድ ደረደሩበት፣ መርፌ በሚያህል የነሐስ ሚስማርም መቱት። ለገመዱ ፀጉር ገመዱ፤ የሰውም የፈረስም።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን መድፉ ነው። ከመርከቧ ኋላ ቀጭን ክር ይወጣል፤ ክሩ ሲሳብ በግራና በቀኝ የተደረደሩት መድፎች እንደ ቀንድ አውጣ ወደ ውስጥ ይሰበሰባሉ፣ ሲለቀቅ ተመልሰው አፋቸውን ያወጣሉ።

ንድፍ የሚሰጣቸው የለም፤ የሚሠሩት ከትዝታ ነው። ስለዚህ ዛሬ መለኪያ ይዞ የሚቀርብ ሰው ምሰሶው ከልኩ በላይ ረዘመ፣ ጌጡ በዛ ይላል። እውነቱን ነው። እኔ ግን በማዕበል ሌሊት እዚያ ምሰሶ ጫፍ ተሰቅሎ ሸራ ያጠፈ ሰው፣ በፍርሃቱ ልክ ቢያረዝመው አልፈርድበትም።

ከዚያም ገበያው አለ። በእስር ቤቱ በር፣ ወታደር ዓይኑን ሳይነቅል፣ የአገሬው ሰው እየመጣ ይገዛል። ገዢው እንግሊዛዊ ነውና አንዳንዱ ምርኮኛ ለመርከቧ የእንግሊዝ መርከብ ስም አወጣላት፤ የማረከውን ባሕር ኃይል ስም በገዛ እጁ ቀረጸ። ምን ያድርግ፣ ዳቦ ይጨመርበታል። ባርኔጣ የሚሰፋበትን የገለባ ጉንጉን ግን እንዳይሸጡ ተከለከሉ፤ የአካባቢው ድሃ የሚኖረው በዚያ ነበርና። ክልከላውም አላቆመው፣ በስውር ወጣ። በመርከቧ ማንም አልተከፋም፤ በዚያ አገር ከሾርባ አጥንት የጦር መርከብ ሠርቶ የሚኖር ሌላ ማን ነበርና?

ሁሉም ግን በእጁ ጥበብ አልዳነም። በ1800 እና በ1801 መካከል ወረርሽኝ ገባና ከ1,000 በላይ ሰው ፈጀ። እዚያ የሞቱት 1,770 ናቸው ተብሎ በ1914 ሐውልት ቆመላቸው፤ በዓምዱ ጫፍም የነሐስ ንስር ተቀመጠ። ያንን ንስር በ1990 ሌባ ወሰደው (ሌባ የሙታንንም አይምር)፣ በ2005 ሌላ ተተካ።

በ1814 በሩ ተከፈተ፣ የተረፈውም ወደ አገሩ ሄደ። ከዚያም እስር ቤቱ ፈረሰ፣ እንጨቱም ተሸጠ። ከመርከቦቹ አንዳንዶቹ በፒተርቦሮ ሙዚየም አሉ። ከእናንተ በዚያ በኩል የሚያልፍ ቢኖር ገብቶ ይያቸው፣ መድፎቹንም ይቁጠር፤ ክሩን ግን እባካችሁ ማንም እንዳይስብ፣ ሁለት መቶ ዓመት ያለፈው ክር ነው።