«ግቡ» ተብለው የገቡት

ባለፈው ሰሞን ጥቂት የታሪክ ተማሪዎች ሰብሰብ ብለን ስለ አርበኞች ስንጨቃጨቅ፣ አንዱ ጓደኛችን «የጠላት ቃል አምኖ እጁን የሚሰጥማ ሞኝ ነው!» ብሎ ደመደመ። ሁላችንም ሳቅን። ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ወደ ተከራየኋት ክፍሌ ስመለስ ግን ነገሩ አልዋጥልህ አለኝ። ክፍሏን ያከራዩኝ እናት ውል እንኳ አላስፈረሙኝም፤ «ቃልህ ይበቃኛል ልጄ» ነው ያሉት። እኔ ደግሞ የዚህን ወር ኪራይ አሳልፌ፣ እንዳያዩኝ በጓሮ ስወጣ ስገባ ሰነበትሁ። እንግዲህ ሞኟ እሳቸው ናቸው ማለት ነው?

ጓደኛችን ሞኝ ያላቸው ደጃዝማች አበራ ካሣንና ወንድማቸውን አስፋ ወሰንን ነው። አባታቸው ራስ ካሣ ኃይሉ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ሲሰደዱ ልጆቹ ሰላሌ ቀሩ። ደጃዝማች አበራ ሐምሌ 21 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ለማስለቀቅ በተደረገው ውጊያ ከመሪዎቹ አንዱ ነበሩ። ውጊያው ከሸፈ፤ አቡነ ጴጥሮስም በማግሥቱ ተረሸኑ። ክረምቱ አልፎ ጣሊያን ሰላሌን ሲያጣብብ «ግቡ፣ ሕይወታችሁ አይነካም» የሚል ቃል መጣ። መካከል የገቡት የጎጃሙ ራስ ኃይሉ ናቸው።

በአገራችን ወግ ሽማግሌ የገባበትን ሰው መንካት ነውር ነው። ነፍስ ያጠፋ እንኳ ድንጋይ ተሸክሞ እግር ላይ ሲወድቅ ይታረቃል። ወንድማማቾቹ በዚሁ ሚዛን መዝነው ገቡ። ታኅሣሥ 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ፍቼ ላይ ተገደሉ። (የሰላሌዋን ፍቼ ማለቴ ነው፤ እኛ ዘንድ ፍቼ ሲባል የሲዳማ ዘመን መለወጫ ነው ትዝ የሚለን።)

ልብ በሉ፤ ሙሶሊኒ የተማረኩ «ዐመፀኞች» ሁሉ እንዲረሸኑ ለግራዚያኒ በቴሌግራም ያዘዘው ገና ግንቦት 28 ቀን 1928 ዓ.ም. ነበር። ትእዛዙ ኪስ ውስጥ እያለ ነው «አይነካም» የተባለው። ታዲያ በማን እንሳቅ?

የእኛን አካባቢ እንይ። የሲዳሞው ገዥ ራስ ደስታ ዳምጠው፣ ይርጋለም በጣሊያን እጅ ከገባች በኋላም አልገቡም። እየተዋጉ ወደ ሰሜን አፈግፍገው ቡታጅራ አጠገብ ተያዙ፤ የካቲት 17 ቀን 1929 ዓ.ም. ተረሸኑ። የገባውም ያልገባውም ሞተ። የካሣን ልጆች የገደላቸው ማመናቸው ነው የሚለው ነገር የማይገባኝ ለዚህ ነው። የጠፋው ሌላ ነገር ነው፤ ከዚያ ወዲያ «ግቡ» የሚል አዋጅ በሸዋ ማን ይመነው?

ይህንን የጣሊያን ነውር ብቻ አድርገን ግን አንኩራራ። በ1966 ዓ.ም. ደርግ ሲመጣ መፈክሩ «ያለምንም ደም» ነበር። ዓመት እንኳ አልሞላውም። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት 60 ያህል ሰዎች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ከነሱ ውስጥ የአበራ ወንድም አሥራተ ካሣና የራስ ደስታ ልጅ፣ የባሕር ኃይሉ እስክንድር ደስታ ነበሩበት።

ይህን ለዚያ ጓደኛችን ስነግረው ዝም አለ። እኔም ኪራዩን ልከፍል ተነሣሁ፤ በፊት ለፊቱ በር።