የኋላ እግሩ ለከዳው ውሻ የተሠራ ጋሪ፤ የአንድ አነስተኛ መሣሪያ ታሪክና ትምህርት

በማኅበራችን መጽሔት ስለ ድልድይ፣ ስለ ግድብ፣ ስለ አውራ ጎዳናና ስለ ኀይል ማመንጫ ብዙ ተጽፏል፤ ወደፊትም ይጻፋል። በዚህ ጽሑፍ የማቀርበው ግን ክብደቱ ከጥቂት ኪሎ ግራም የማያልፍ፣ ሁለት ጎማና ጥቂት የአሉሚኒየም ቱቦ ብቻ ያለው አንድ መሣሪያ ነው፤ ይኸውም የኋላ እግሮቹ ለማይታዘዙለት ውሻ የሚሠራው ጋሪ ነው። ርእሱን አንብቦ ፈገግ የሚል ባልደረባ እንደሚኖር አልስተውም። ይሁን እንጂ የመሣሪያው ታሪክ በደንብ ሲመረመር ከሙያችን ዋና ዋና ጥያቄዎች አንዱን ያነሣል፤ መሣሪያ ለተጠቃሚው ይስተካከላልን፣ ወይስ ተጠቃሚው ለመሣሪያው ይስተካከላል?

ስለ ውሻው ጋሪ ከመናገራችን በፊት የሰውን ተሽከርካሪ ወንበር ጥቂት ማስታወስ ይገባል፤ ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸውና። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ በተለይ ካልተገለጠ በቀር፣ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) በ1595 ገደማ በሪህ ይሠቃይ ለነበረው ለእስፓኝ ንጉሥ ለዳግማዊ ፊልጶስ መደገፊያውና የእግር ማሳረፊያው ከፍ ዝቅ የሚል፣ ከሥሩ ትናንሽ መንኰራኵሮች ያሉት ወንበር ተሠርቶለት ነበር። ንጉሡ ግን ወንበሩን በራሱ ኀይል ማንቀሳቀስ አይችልም ነበር፤ የሚገፋው አሽከር ነው። በ1655 ደግሞ በኑርንበርግ አጠገብ የሚኖር እስቴፋን ፋርፍለር የተባለ ሰዓት ሠሪ፣ እርሱ ራሱ መራመድ የማይችል ነበርና፣ በእጅ በሚዞር እጀታና በጥርስ መዘውር የሚነዳ ባለሦስት ጎማ ተሽከርካሪ ለራሱ ሠራ። የንጉሡ ወንበር ተቀማጩን ያዘዋውራል፤ የሰዓት ሠሪው ግን ተቀማጩን ነጻ ያወጣል። ልዩነቱ ያለው ከዚህ ላይ ነው። በ1930ዎቹም በማዕድን አደጋ ጀርባው የተጎዳው መሐንዲስ ኸርበርት ኤቨረስትና ወዳጁ መሐንዲስ ሃሪ ጄኒንግስ፣ ከብረት ቱቦ የተሠራውንና በመስቀለኛ ድጋፍ እየታጠፈ በመኪና የሚጫነውን ወንበር አወጡ። ፋርፍለርም ሆነ ኤቨረስት የሠሩት የገዛ ችግራቸውን ነው። የት እንደሚቆረቍር፣ የት እንደሚከብድ የሚነግራቸው የራሳቸው ገላ ነበር።

ውሻ ግን መሐንዲስ ሊሆን አይችልም፤ የት እንደሚያመውም በአንደበቱ አይናገርም። የውሻውን ጋሪ ታሪክ ከሰው ወንበር ታሪክ የሚለየው ይህ ነው።

በመጀመሪያ የውሻ የኋላ እግር ለምን ይከዳል? ከምክንያቶቹ ዋነኛው በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያሉት ለስላሳ ዲስኮች መበላሸት ነው። የስዊድኑ የእንስሳት ሐኪም ሃንስ ዮርገን ሃንሰን በ1952 ባቀረበው ጥናት ብልሽቱን በሁለት መደበው። በአንደኛው ዓይነት ዲስኩ ገና በወጣትነት ደርቆ ድንገት ይፈነዳና ኅብለ ሰረሰሩን ይጫናል፤ በሁለተኛው ዓይነት ከእድሜ ጋር ቀስ እያለ ያብጣል። የመጀመሪያው በተለይ የሚያጠቃው እንደ ዳክስሁንድ ያሉትን ጀርባቸው ረዥም፣ እግራቸው አጭር የሆኑትን ዝርያዎች ነው። በ2017 የታተመ ጥናት እንዳረጋገጠው እግራቸውን የሚያሳጥረው የዘር ለውጥ ራሱ ዲስኮቻቸውንም ያለ ጊዜያቸው ያስረጃል። በሌላ አነጋገር ሰው ለመልክና ለአደን ብሎ የመረጠው ቅርጽ ሕመሙንም አብሮ መርጧል። ሁለተኛው ምክንያት በጀርመን እረኛ ውሾች ላይ በ1973 የተገለጠው፣ ኅብለ ሰረሰርን ቀስ በቀስ የሚያመነምነው በሽታ ነው። በ2009 መነሻው የዘር ለውጥ ተገኝቶ፣ በሰው ላይ ጡንቻን ከሚያሰንፈው ኤ.ኤል.ኤስ. ከተባለው በሽታ ጋር ዝምድና እንዳለው ታወቀ። ይህ በሽታ እያደር የሚገፋ ቢሆንም ለውሻው ሕመም የለውም፤ የኋላ እግሩ ሲዝል የፊት እግሮቹ፣ የምግብ ፍላጎቱና ለጌታው ያለው ፍቅር ለብዙ ጊዜ እንደ ጤነኛ ይቈያሉ።

እንዲህ ያለው ውሻ በምዕራባውያን አገሮች እንኳ አብዛኛውን ጊዜ በመርፌ እንዲሞት ይደረግ ነበር። ይህም ሐኪሙ ጨካኝ፣ ጌታውም ከሐዲ ሆነው አይደለም፤ ሌላ የሚቀርብ ነገር ስላልነበረ ነው። አንድ መሣሪያ ባለመኖሩ ምክንያት የሚወሰን ሞት መሆኑን ልብ ይሏል።

በ1961 በዩናይትድ ስቴትስ የአጥንት ሕክምና የሚሠራው የእንስሳት ሐኪም ሊንከን ፓርክስ ለእነዚህ ውሾች ጋሪ መሥራት ጀመረ፤ በዚህም ሥራ ከቀደምቶቹ አንዱ ሆነ። በ1989 ደግሞ በማሳቹሴትስ ግዛት የሚኖረው መካኒካል መሐንዲስ ኤድ ግሪኔል፣ ዶበርማን የምትባለው ዝርያ የሆነች ውሻው በዲስክ ሕመም እግሮቿ በከዷት ጊዜ፣ የራሱን ንድፍ አውጥቶ ጋሪ ሠራላት። ይህ የቤት ውስጥ ሥራ በኋላ ከባለቤቱ ጋር ወደመሠረተው አነስተኛ ፋብሪካ አደገ። ሐኪሙ ከገላው ተነሥቶ ወደ ብረቱ መጣ፤ መሐንዲሱ ከብረቱ ተነሥቶ ወደ ገላው ሄደ። ሁለቱም የተገናኙት ከአንድ ነጥብ ላይ ነው፤ ይኸውም ሚዛን ነው።

የነገሩ ሥነ ኀይል እንደሚከተለው ነው። በአራት እግሩ የቆመ ጤነኛ ውሻ ከክብደቱ 60 በመቶ ያህሉን በፊት እግሮቹ፣ 40 በመቶውን በኋላ እግሮቹ ይሸከማል። ስለዚህ 20 ኪሎ ግራም የሚመዝን ውሻ ለጋሪው የሚያስረክበው ጭነት 8 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። በየከተሞቻችን ባለ ሁለት ጎማ የፈረስ ጋሪ የነዳ ሰው ጭነቱ ወደ ኋላ ሲያመዝን ማገሮቹ ፈረሱን ወደ ላይ እንደሚያነሡት፣ ወደ ፊት ሲያመዝን ደግሞ ጀርባውን እንደሚጫኑት ያውቃል። የውሻውም ጋሪ እንዲሁ ነው። ለምሳሌ የትከሻው ቀንበር ከጎማው ዘንግ 50 ሳንቲ ሜትር ርቆ የ8 ኪሎው ጭነት ከዘንጉ 5 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ቢያርፍ፣ ትከሻው 0.8 ኪሎ ግራም ተጨማሪ ይሸከማል። ጭነቱ በዚያው መጠን ወደ ኋላ ቢያርፍ ቀንበሩ ደረቱን በ0.8 ኪሎ ወደ ላይ ይስባል። ቍጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የፊት እግሮቹን ብቻ ተማምኖ ቀኑን ለሚገፋ እንስሳ ይህ ድካም ነው፣ ቍስልም ነው። በሬውን ጫንቃው የሚልጠው ቀንበር ስንት ቀን እንደሚያስተኛው ገበሬያችን ያውቀዋል። የጎማዎቹም ስፋት እንዲሁ ነው፤ ቢጠብ ሲዞር ይገለብጠዋል፣ ቢሰፋ በር አያሳልፈውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታረም አለበት። መሣሪያውን ብዙዎች «የውሻ ተሽከርካሪ ወንበር» ይሉታል፤ ውሻው ግን አይቀመጥበትም። ሰው በወንበሩ ተቀምጦ በክንዱ ይገፋል፤ ውሻ በጋሪው ውስጥ ቆሞ በፊት እግሮቹ ይጐትታል። በመሆኑም በጋሪው ውስጥ እንዳለ መተኛት ወይም ማረፍ አይችልም፤ ብቻውን ትቶት መሄድም አይገባም።

ብረቱ ከተስተካከለ በኋላ ሁለተኛው ሥራ ይጀመራል፤ እርሱም ማልመድ ነው። ጋሪ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገጠመለት ውሻ ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይም እንደ ድንጋይ ደርቆ ይቆማል፣ ወይም ከኋላው የሚከተለውን ነገር ሸሽቶ ይበረግጋል። ስለዚህ ሐኪሙ ሕመም አለመኖሩን ካረጋገጠ በኋላ (ዲስኩ አዲስ የፈነዳ ውሻ የሚያስፈልገው ዕረፍት ወይም ቀዶ ሕክምና እንጂ ጋሪ አይደለምና) ጋሪው መሬት ላይ ተቀምጦ እንዲያሸተው ይደረጋል። ቀጥሎ ማንገቻው ብቻ ይታሠርለታል። ከዚያም በደልዳላ ሜዳ ለጥቂት ደቂቃ ይገጠምለትና ከፊት ለፊቱ የሚወደው ምግብ ይያዝለታል፤ አንድ እርምጃ ሲራመድ ይመሰገናል፤ ሳይደክመውም ይፈታለታል። በየጊዜው ብብቱና ጭኑ እየተገለጠ የተላጠ ቈዳ መኖሩ ይታያል። ከኋላ የሚከተለው ስፋት የራሱ ገላ መሆኑን እስኪያውቅ ድረስ ከበር መቃን ጋር ይጋጫል፤ ወደ ኋላ መመለስና ቍልቍለት መውረድም ኋላ የሚመጡ ትምህርቶች ናቸው። አበው «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ያሉት ለዚህ ሥራ የተነገረ ይመስላል።

ማልመድ ሲባል ግን የሚማረው ውሻው ብቻ አይምሰለን። ውሻው አልራመድም ብሎ ሲቆም ጥሩ አልማጅ «ውሻው ሰነፍ ነው» አይልም፤ ቀበቶውን ፈትቶ ይመረምራል። ጀርባው ከትከሻው ጋር ካልተስተካከለ ከፍታው ተሳስቷል፤ የፊት እግሮቹ ከተንቀጠቀጡ ዘንጉ ይነሣል፤ ብብቱ ከቀላ ማንገቻው ይሰፋል። የእንስሳው እምቢታ የስንፍና ምልክት ሳይሆን የመለኪያ መሣሪያ ንባብ ነው። እነ ግሪኔል በየውሻው ልክ የሚሠራ ጋሪን መንገድ ሲከተሉ፣ ከ2000ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ቁመቱ፣ ርዝመቱና ስፋቱ በቍልፍ የሚስተካከል ጋሪ በብዛት ወጥቷል። የመጀመሪያው በጥራት ይገጥማል፣ ዋጋውና ጊዜው ግን ይበዛል፤ ሁለተኛው ፈጥኖ ይደርሳል፣ ከአንዱ ውሻ ወደ ሌላውም ይተላለፋል፣ ነገር ግን የሚያስተካክለው ሰው ካላወቀበት ጥቅሙ ይቀራል። በሁለቱም መንገድ መለካት አይቀርም።

አሁን ወደ ከባዱ ተቃውሞ እንምጣ። «ሰው ወንበር አጥቶ በእጁ በሚድህበት ዓለም ስለ ውሻ ጋሪ ማውራት ቅንጦት አይደለምን?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ ሰውን ከውሻ አስቀድማለሁ፣ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን ለሰው የተሰጡት ወንበሮች ምን ያህሉ እንደ ውሻው ጋሪ በልክ ተሠርተዋል? በ1966 በሞተር ብስክሌት አደጋ እግሮቹ የሰነፉበት አሜሪካዊው መሐንዲስ ራልፍ ሆችኪስ በ1980 ወደ ኒካራጓ በሄደ ጊዜ አንዲቱን ወንበር ለብዙ የሚጋሩ ወጣቶችን አገኘ። ከእነርሱ ጋር ሆኖ በአገሩ ብረት፣ በአገሩ ወርክሾፕ፣ ለአገሩ ጐርበጥባጣ መንገድ የሚሆን ወንበር መሥራት ጀመረ፤ መጠገኑንም ከእነርሱ ተማረ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2008 ባወጣው መመሪያ፣ ወንበር መስጠት ማለት ዕቃ ማስረከብ ብቻ ሳይሆን መመርመር፣ በልክ ማስተካከል፣ ተጠቃሚውን ማሠልጠንና በኋላም እየተከታተሉ መጠገን ጭምር መሆኑን ደንግጓል። የውሻው አልማጅ በቤቱ የሚያደርገው ይኸንኑ ነው።

እኛንም የሚመለከት ነገር አለ። በአገራችን አቈጣጠር በ2001 የወጣው የሕንጻ አዋጅ ቍጥር 624/2001፣ የሕዝብ መገልገያ ሕንጻ ሁሉ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱ ሰዎች የሚገቡበት መንገድ እንዲኖረው አዟል። ግማሽ ሜትር ከፍታ ያለው በር በ1 ለ12 ተዳፋት ሲሠራ 6 ሜትር ርዝመት ይጠይቃል። ቦታ ጠበበ ብለን በ2 ሜትር የጨረስነው እንደ ሆነ በሥዕሉ ላይ መወጣጫ ይባላል፤ በክንዱ ለሚገፋው ሰው ግን ግድግዳ ነው። ያን ጊዜ ሰውየው ከሥሩ ቆሞ ሲቀር፣ ጥፋቱን የምንፈልገው ከክንዱ ነው ወይስ ከሥዕላችን?

ውሻው አይናገርምና ሠሪው በዓይኑ ይመረምራል፣ በእጁ ይዳስሳል፣ ቀበቶውን ደጋግሞ ይፈታል። ሰው ግን ይናገራል፤ መጠየቅ ብቻ ይበቃል። ሥዕላችንን ከመፈረማችን በፊት በወንበር የሚሄድ አንድ ሰው ጠርተን «እዚህ ላይ ውጣልን፣ የከበደህንም ንገረን» ብንለው ከአንድ ቀን የበለጠ አያስፈልገንም። ለዘንግ 5 ሳንቲ ሜትር ይህን ያህል የሚጨነቅ ሙያ፣ ያን አንድ ቀን ሊነፍግ አይገባውም።