ድንጋይ ጠራቢዎቹና የ1962ቱ ውድድር

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አሜሪካ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ቀን ምሕንድስና እየተማርኩ ሌሊት በአንድ የመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይ ሆኜ እሠራ ነበር። አብሮኝ የሚሠራ አንድ የኢንዲያና ሽማግሌ «ብሬኪንግ አዌይ» የተባለውን የ1979 ፊልም በካሴት ሰጠኝ። ስለ ብስክሌት እሽቅድድም ነው ሲለኝ የልጆች ጨዋታ መስሎኝ ለወራት አስቀመጥኩት። አይቼ ስጨርስ ግን ከብስክሌቱ ይልቅ በልቤ የቀረው የድንጋዩ ነገር ነበር።

ብሉሚንግተን የምትባለው የኢንዲያና ከተማ የምትታወቀው በዩኒቨርሲቲና በድንጋይ ካባ ነው። የኒውዮርኩ ኤምፓየር ስቴት ሕንፃ የለበሰው የኖራ ድንጋይ የወጣው ከዚያው አካባቢ ነው፤ የዩኒቨርሲቲው ሕንፃዎችም የታነፁት በዚሁ ድንጋይ ነው። ፊልሙ የሚተርከው ድንጋዩን የጠረቡት ሰዎች ልጆች ስለሆኑ አራት ወጣቶች ነው። ሁለተኛ ደረጃ ጨርሰዋል፣ ኮሌጅ አልገቡም፣ አባቶቻቸው በቆፈሩት ካባ ውስጥ በተጠራቀመው ውኃ እየዋኙ ቀኑን ይገፋሉ። ተማሪዎቹ «ካተርስ»፣ ማለትም ጠራቢዎች፣ እያሉ ይንቋቸዋል።

ከአራቱ አንዱ ዴቭ በጣልያን ብስክሌተኞች ፍቅር ያበደ ነው። እግሩን ይላጫል፣ ኦፔራ ያንጎራጉራል፣ የቤታቸውን ድመት ፌሊኒ ብሎ ይጠራል። ጣልያን ለመሆን የሚመኝ ልጅ ማየት ለኢትዮጵያዊ ተመልካች በራሱ ያስቃል (እኛም ብንሆን «ጎማ» የምንለውን ቃል የወሰድነው ከእነሱ ነው)። አንድ ቀን እውነተኞቹ ጣልያኖች ለውድድር ይመጣሉ። ዴቭ በደስታ ተጠግቶ በቋንቋቸው ሲያናግራቸው አንደኛው የጎማ መንፊያ መንኮራኩሩ ውስጥ ሰክቶ ይጥለዋል። ልጁ ቤቱ ገብቶ አባቱ ላይ ተጠምጥሞ ያለቅሳል።

እንደ መሐንዲስ ደጋግሜ ያየሁት ሌላ ትዕይንት አለ። ዴቭ አውራ ጎዳና ላይ ከአንድ ትልቅ የጭነት መኪና ጀርባ ተጠግቶ በሰዓት 60 ማይል ይበራል፤ ሾፌሩም ፍጥነቱን በጣቶቹ ይቆጥርለታል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የነፋሱ ግፊት አራት እጥፍ ስለሚሆን ልጁ ብቻውን ቢሆን ከግማሹ ብዙም ባላለፈ ነበር። ነፋሱን የከለለለት መኪናው ነው።

የፊልሙ እምብርት ግን አባቱ ናቸው። ድንጋይ ጠራቢ የነበሩት ሬይ አሁን ያገለገሉ መኪናዎች ይሸጣሉ። አንድ ሌሊት በዩኒቨርሲቲው ግቢ ከልጃቸው ጋር ሲራመዱ የአንዱን ሕንፃ ድንጋይ የጠረቡት እሳቸው መሆናቸውን ይነግሩታል። ሕንፃው ሲያልቅ ግን ማንም «አትግቡ» ሳይላቸው ለእነሱ የማይገባ ሆኖ ታያቸው። በዚያን ጊዜ እኔ ቀን የምማርበትን ሕንፃ ሌሊት የሚያጸዱ ያገሬ ሰዎች ነበሩ። ከመካከላቸው በአገር ቤት መምህር የነበሩ አንድ ሰው ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ገብተው ይቀመጡ ዘንድ ብለምናቸው እምቢ ብለውኛል።

በፊልሙ መጨረሻ ጠራቢዎቹ «ሊትል 500» የተባለውን የዩኒቨርሲቲውን ውድድር ያሸንፋሉ። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። በ1951 የተጀመረው ይህ ውድድር አራት አራት ሰዎች ያሏቸው ቡድኖች በየተራ እየተቀያየሩ፣ ማርሽ መቀየሪያ በሌለው ብስክሌት 200 ዙር ወይም 50 ማይል የሚጋልቡበት ሲሆን የሚሳተፉትም ተማሪዎች ብቻ ናቸው። በ1962 ያሸነፈው ፋይ ካፓ ሳይ የተባለ የተማሪዎች ማኅበር ቡድን ነበር። ለዴቭ መነሻ የሆነው ዴቭ ብሌዝ ብቻውን 139 ዙር ጋለበ። ከቡድኑ ተጠባባቂዎች አንዱ ደግሞ የፊልሙ ደራሲ ስቲቭ ቴሲች ነበር። ማለትም ፊልሙ የሚያፌዝበት ወገን ነው እውነተኛው አሸናፊ!

ቴሲች ድሉን ከራሱ ቡድን ወስዶ ለጠራቢዎቹ ልጆች ለምን ሰጠ? ሰውየው በ1942 ዩጎዝላቪያ ውስጥ ተወልዶ በ14 ዓመቱ የመጣ ስደተኛ ነው። ያደገው የብረት ፋብሪካ ከተማ በሆነችው ኢስት ቺካጎ፣ ኢንዲያና ነው። አባቱ የሞቱት በዚያው በ1962 ነበር። ማኅበር ውስጥ ቢገባም ዓይኑ ከደጅ የቀረ ይመስለኛል። የፈለሰፈውን በር የሚከፍተው ሰውም እውነተኛ ነው፤ ጠራቢዎቹ እንዲወዳደሩ የሚፈቅደውን ፕሬዚዳንት ሆነው የተጫወቱት የጊዜው የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ጆን ራያን ናቸው። ቴሲች በ1980 ለድርሰቱ ኦስካር ተሸለመ። የሚገርመው፣ በ1992 ሕዝቡ እውነትን መስማት ጠልቷል ብሎ የወቀሰውና ዛሬ «ድኅረ እውነት» የምንለውን አነጋገር ቀድሞ ተጠቀመበት የሚባለውም ይኸው ሰው ነው። ታሪክ አጣመመ የሚለው ካለ ግን አልከራከርም፤ ድንጋዩን የጠረበውን ሰው ስም የጻፈ የዩኒቨርሲቲ ታሪክ ስላላየሁ ብቻ እፈርድለታለሁ።

በ1984 ከእነዚያ ማኅበራት ውጭ የሆኑ ተማሪዎች «ካተርስ» የሚል ቡድን መሥርተው በዚያው ዓመት አሸነፉ፤ ከዚያም ወዲህ ከአሥር ጊዜ በላይ አሸንፈዋል። የተቀረጸበት ስታዲየም ግን በ1982 ፈርሷል።

በፊልሙ መጨረሻ ዴቭ ዩኒቨርሲቲ ይገባል። ሬይ በስተርጅና ብስክሌት ይዘው መንገድ ላይ ሲያገኙት ከአንዲት ፈረንሳዊት ተማሪ ጋር እየጋለበ ነው። ጣልያንኛውን ትቶ በፈረንሳይኛ ሰላም ሲላቸው ዓይናቸው ይፈጥጣል።