የመኪና ሰብውፈር እና አምፕሊፋየር ሲመረጥ ምን መታየት አለበት?

ለመኪናው የሙዚቃ መሣሪያ የሚገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ ዐይኑ የሚያርፈው ካርቶኑ ላይ በጉልህ በተጻፈው የዋት ቁጥር ላይ ነው። ያ ቁጥር ግን በአብዛኛው መሣሪያው ለቅጽበት ብቻ የሚደርስበትን ጉልበት የሚያሳይ እንጂ ሳያቋርጥ የሚሠራበት አይደለም። በዚህ ቁጥር ተማምኖ የተገዛ እና ያለ ጥንቃቄ የተገጠመ መሣሪያ ገንዘብ ከማባከን አልፎ መኪናውን ለእሳት ሊዳርግ ይችላል።

ሰብውፈር እና ሣጥኑ

የሰው ጆሮ ከ20 እስከ 20 ሺህ ኸርዝ ያለውን ድምፅ ይሰማል። ሰብውፈር በመኪና ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ ያወጣል። ለዚህም ብዙ አየር መግፋት ስላለበት ከቴፑ የሚወጣው ጉልበት አይበቃውም፤ አምፕሊፋየር የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

በገበያ ላይ የተለመዱት ሰብውፈሮች ከ8 እስከ 15 ኢንች ስፋት አላቸው። ለአነስተኛ አውቶሞቢል 8 ወይም 10 ኢንች ብዙ ጊዜ በቂ ነው። ዙሪያው የተዘጋ ሣጥን ጥርት ያለ ምት ይሰጣል። የአየር መውጫ ያለው ሣጥን ደግሞ በተመሳሳይ ጉልበት ጎላ ያለ ድምፅ ቢያወጣም ሰፋ ያለ ቦታ ይይዛል።

ሁለቱን ማመጣጠን

መታየት ያለበት አር ኤም ኤስ የሚለው የዋት መጠን ነው፤ ትርጉሙም መሣሪያው ሳይጎዳ ያለማቋረጥ የሚችለው ጉልበት ማለት ነው። የአምፕሊፋየሩ እና የሰብውፈሩ አር ኤም ኤስ ተቀራራቢ መኾን አለበት።

ሌላው በኦም የሚለካው የመቋቋም መጠን ነው። ሁለት ባለ 4 ኦም ሰብውፈሮች ጎን ለጎን ሲገናኙ 2 ኦም፣ በተከታታይ ሲገናኙ 8 ኦም ይኾናሉ። ከ4 ኦም በታች እንዳይሠራበት የተነገረለት አምፕሊፋየር 2 ኦም ላይ ቢታሰር ከመጠን በላይ ይግላል፤ ሊቃጠልም ይችላል።

የመኪናው የኤሌክትሪክ አቅም

አውቶሞቢሎች በ12 ቮልት ሲሠሩ ብዙ የጭነት መኪናዎች እና አውቶቡሶች ግን 24 ቮልት ናቸው። ለ12 ቮልት የተሠራን አምፕሊፋየር በቀጥታ 24 ቮልት ላይ ማሰር መሣሪያውን ያበላሸዋል።

የዲናሞው አቅምም ሊታሰብበት ይገባል። ከሚወስደው ኃይል 80 በመቶውን ወደ ድምፅ ማጉያው የሚያደርስ ባለ 500 ዋት አምፕሊፋየር በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ 625 ዋት፣ በ12 ነጥብ 5 ቮልት ሲሰላ ደግሞ 50 አምፔር ይወስዳል። ከሙዚቃው ምት ጋር የመኪናው መብራት የሚደበዝዝ ከኾነ ጭነቱ እንደበዛ ምልክት ነው።

ሽቦ እና ፊውዝ

ትልቁ አደጋ ያለው ከባትሪው በሚነሳው ሽቦ ላይ ነው። የሽቦው ልባስ ከመኪናው ብረት ጋር ተፋትጎ ከተላጠ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ስለዚህ ፊውዙ አምፕሊፋየሩ ዘንድ ብቻ ሳይኾን ከባትሪው በ45 ሴንቲ ሜትር ርቀት ውስጥ መግባት አለበት። ሽቦው ብረት በሚያልፍበት ቀዳዳ ላይም ጎማ ሊደረግለት ይገባል። መዳብ የተቀባ የአሉሚኒየም ሽቦ ዋጋው ቢረክስም እንደ ንጹህ መዳብ ብዙ ኃይል አይሸከምም። ፊውዝ ሲቃጠል በምትኩ ሽቦ መጠቅለል ደግሞ መከላከያውን ጨርሶ ማንሳት ነው።

ጆሮም ልክ አለው

አምፕሊፋየሩ ላይ ያለው ጌይን የሚባለው ማስተካከያ ድምፅ መጨመሪያ አይደለም። አለልክ ሲከፈት ድምፁ ይሰነጠቃል፤ የሰብውፈሩ ጥቅልል ሽቦም ይቃጠላል። በአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ተቋም መመዘኛ መሠረት 85 ዴሲቤል ድምፅን በቀን እስከ 8 ሰዓት መስማት ይቻላል፤ 100 ዴሲቤል ሲደርስ ግን ገደቡ 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ከዚህም በላይ ሙዚቃው የአምቡላንስን ድምፅ እና የሌላውን መኪና ጥሩንባ የሚውጥ ከኾነ አደጋው ለአሽከርካሪው ብቻ ሳይኾን ለተሳፋሪው እና ለእግረኛውም ይተርፋል።