ዳዊቷን ያላጠፈችው እቴጌ

ስሙኝማ የአንበሳሜ ሰዎች። የቴዎድሮስን ጦርነት ታውቁታላችሁ፤ ጉር አምባን፣ አይሻልን፣ መቅደላን ከአያቶቻችሁ ሰምታችኋል። ደብረ ታቦር ከዚህ ሩቅ አይደለም፤ መድፉ የተሠራበት ጋፋትም እዚያው አጠገቡ ነው። ቆራጣ ደግሞ በእናንተው በደራ ምድር፣ ጣና ዳር ናት፤ በ1858 ዓ.ም. የእንግሊዙ መልክተኛ ራሳምና ጓደኞቹ ንጉሡን ደጅ እየጠኑ የሰነበቱባት። ዛሬ ግን ስለ መድፍ አላወራችሁም። ተጋብተው ልባቸው ሳይገናኝ ስለቀረ ሁለት ሰዎች ነው የማወራችሁ፤ ልጅ ወልደው፣ አንዱ የሌላውን ሆድ ሳያውቅ ስለተለያዩት ስለ ቴዎድሮስና ስለ ጥሩወርቅ።

ይህን ታሪክ ያወረሱን ሰዎች በቴዎድሮስ ድንኳን ደጃፍ ቆመው ነው የተረኩልን። የመጀመሪያ ሚስቱ ተዋበች ሞተችበትና ልቡ ተሰበረ፣ ሁለተኛይቱ ኩሩ ሆነችና አላጽናናችውም ይሉናል። ለእሱ እናዝናለን፤ ማዘናችንም ተገቢ ነው። እኔ ግን ለእሷም ማዘን እንዳለብን አምናለሁ፣ ለዚህም ነው አፌን የከፈትኩት።

ከእሱ ልጅነት እንነሳ። ኋላ ቴዎድሮስ የተባለው ካሳ ኃይሉ በቋራ በ1811 ዓ.ም. ገደማ ተወለደ። አባቱ በሕፃንነቱ ሞተበት፤ እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ እጅግ ተቸገረች። ኋላ ጠላቶቹ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ የሚሰድቡት ያንን ችግር አንስተው ነው። ፊደል እንዲቆጥር ወደ ጨንቀር ተክለ ሃይማኖት ገዳም ላኩት። አንድ ቀን ጦረኞች ገዳሙን ወረሩና ተማሪዎቹን ሕፃናት ፈጁ፤ ካሳ በጨለማ አምልጦ ወጣ ይባላል። አብረውት «ሀ ሁ» ሲሉ የነበሩ ልጆች በአንድ ሌሊት አለቁ። ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን በአንድ መስመር ያልፉታል። እኔ እዚህ ላይ ቆም እላለሁ፤ ያን ሌሊት ያየ ልጅ አድጎ ንጉሥ ሲሆን፣ ማታ ማታ ከማን ጋር ተኝቶ እንቅልፍ ይወስደዋል?

አንድ ሰው ተገኘለት። ካሳ አድጎ ሸፈተ፤ የገዥው የራስ ዓሊ እናት እቴጌ መነን ያስቸገራትን ቋረኛ ሽፍታ በጋብቻ ልታስረው አስባ የልጅ ልጇን፣ የራስ ዓሊን ልጅ ተዋበችን ዳረችለት። ካሳ በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ ላይ ከግብጾች ጋር ተዋግቶ ቆስሎ ተመለሰ። ሐኪሙ ለሕክምናው ክፍያ ቢጠይቅ፣ መነን «ለእንዲህ ያለ ሰው ይህ ይበቃዋል» ብላ አንዲት ብልት ሥጋ ላከች ይባላል። በዚያች ሥጋ ከካሳ ይልቅ የተቃጠለችው ተዋበች ናት። ዝም ካልክ ባሌ አይደለህም አለችው ይላሉ ሽማግሌዎች። ሰኔ 23 ቀን 1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ ባሏ አባቷን ድል ሲነሳ እንኳ ከባሏ አልተለየችም።

አስተውሉ፤ አያቷና አባቷ ለመጥለፊያ የሰጡት ሴት ናት። እሱም ያውቀዋል። ቢሆንም አመናት። በቁርባን ጸንቶ ከእሷ ሌላ ሴት ሳያይ ኖረ፤ በዚያ ዘመን መኳንንት ዘንድ ይህ ያልተለመደ ነበር። ልጅ አልወለዱም። በ1850 ዓ.ም. ክረምት ሞተችበት። አስከሬኗን ለብቻው ድንኳን ተክሎ ከሠራዊቱ ጋር ያዞረው ነበር፤ ገብቶም አጠገቧ ብቻውን ይቀመጥ ነበር ይባላል።

ከዚያ በኋላ ሰው አልበረከተለትም። በ1852 ዓ.ም. ወዳጁ የእንግሊዝ ቆንስል ፕላውደን ጎንደር አጠገብ በሽፍቶች ተመትቶ ሞተ። ጥቂት ቆይቶ ሊቀ መኳስ ዮሐንስ ቤል ጌታውን ሲከላከል ወደቀ። ቴዎድሮስ የበቀለው በቀል ብዙ ሰው ያስለቀሰ ነው፤ ያን እናንተም ታውቁታላችሁ። ሐዘኑ እውነት ነበር፤ ያሳደዳቸው ገበሬዎች ሐዘንም እውነት ነበር።

አሁን ወደ እሷ ድንኳን እንሻገር።

ጥሩወርቅ የስሜንና የትግሬ ገዥ የነበረው የደጃዝማች ውቤ ልጅ ናት። ውቤ ሊነግሥባት ደራስጌ ማርያምን አሠራ፤ ዘውዱን እንዲጭንለትም አቡነ ሰላማን ከግብጽ ያስመጣ እሱ ነው። የካቲት 3 ቀን 1847 ዓ.ም. ካሳ ውቤን ድል አድርጎ አሰረው። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ውቤ በሠራት ቤተ ክርስቲያን፣ ውቤ ባስመጣው ጳጳስ እጅ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። ልጅቱ አባቷ በሰንሰለት፣ ወንድሞቿም በእስር ናቸው። መመንኮስ ትፈልግ ነበር ይላሉ። ያው ንጉሥ ግን ሚስት ትሆነኝ ዘንድ ስጡኝ ብሎ ላከ።

እሺ ያለችው ለአባቷ ብላ ነው ይባላል። ምናልባት ሰንሰለቱ ይላላለት እንደሆነ። እንግዲህ እናንተ እናቶች ፍረዱ፤ እንዲህ ተጠይቃ እሺ ያለች ሴት ወደዚያ ድንኳን ስትገባ ምን ይዛ ትገባለች? ሰውዬው ደግሞ ልቡን ከተዋበች ጋር ቀብሮ፣ ሌላ ሰው ይሙላልኝ ብሎ የሚጠብቅ ነበር። ሁለቱም ሰው ፈልገዋል። እሱ የሞተችውን ፈለገ፣ እሷ የታሰረውን አባቷን።

ከሁሉ የሚከብደኝ ይህ ነው። የውቤ ቤተ ዘመድ ንጉሤ ወልደ ሚካኤል በትግሬ ሸፍቶ ነበር። ጥር 1853 ዓ.ም. ተያዘ፤ ቴዎድሮስም እጅና እግሩን አስቆርጦ ገደለው። የዚያን ጊዜ ጥሩወርቅ ነፍሰ ጡር ናት። አለማየሁ ሚያዝያ 16 ቀን 1853 ዓ.ም. ተወለደ። በሆዷ የእሱን ልጅ ይዛ ነው የወገኗን ሞት የሰማችው።

በዘመኑ የነበሩ አውሮፓውያን አንድ ነገር መዝግበዋል። ቴዎድሮስ አንድ ቀን ሊጎበኛት ሲገባ ዳዊት ስትደግም አገኛት። ቀና አላለችም። ሰላም ቢላት ዝም፤ ቢጠይቃት ዝም። ለምን አትመልሺልኝም ሲላት፣ ከእርስዎ ከሚበልጥና ከሚሻል ሰው ጋር፣ ከንጉሥ ዳዊት ጋር እየተነጋገርኩ ነው አለችው። በዚህ ንግግሯ ዓለም ሁሉ ኩሩ ብሎ ፈረደባት።

እኔ ሌላ ነገር ነው የማይባት። ዳዊት በጭንቅ ቀንም ይደገማል፤ ከጠላት አድነኝ የሚል ጸሎት የሞላበት ነው። ከዚያ ድንኳን ማንም ሊያስወጣት በማይችልበት ሰዓት ከእንግዳ ሰው የምትሸሸግበት ሌላ ጓዳ አልነበራትም። እሱም እንደ ሌላ ሰው ተቀምጦ፣ ምን ሆነሽ ነው፣ ስለ አባትሽ ነው ወይ ብሎ የጠየቃት ስለመሆኑ የሚነግረን የለም። ልጅነቱን የነጠቀው ነገር ይህን መጠየቂያ አፍም ነጥቆት ነበር ብዬ አስባለሁ። ለአገሩ አንድነት፣ ለመሣሪያው፣ ለትዳር ሕጉ ሳይቀር ቃል ነበረው፤ ለአንዲት ያዘነች ሴት ግን ቃል አጣ።

እናንተም ይህን በቤታችሁ ታውቁታላችሁ። በ2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ጋይንትና ጉና ድረስ ደርሶ፣ ደብረ ታቦር ላይም መድፍ አርፎ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየመንደሩ እራቱን በልቶ ጥግ ይዞ የሚቀመጥ፣ ሚስቱ ብታወራው የማይሰማ ሰው አለ። እሷም መውደዱን ትጠራጠራለች፤ አንዳንዴ ደግሞ እሷ ራሷ ያየችውን ለማንም አላወራችም። እነዚህን ሰዎች ኩሩ እያልን ስንሰድባቸው አንጀቴ ይቆረጣል።

ወደ ነገራችን። ጥሩወርቅ ልጇን ይዛ መቅደላ አምባ ላይ ተቀመጠች፤ እሱ ደግሞ አንዲት የየጁ ሴት ወሰደ። በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ደብረ ታቦርን በእሳት አቃጥሎ፣ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፉን በሰው ጉልበት እየጎተተ ወደ መቅደላ ሄደ። ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን መድፍ በዚያ ገደል ለመጎተት ወራት ፈጀ። ሚያዝያ 3 ቀን፣ የስቅለት ዕለት፣ ጦሩ አሮጌ ላይ በእንግሊዝ ጦር ተመታ፤ ሚያዝያ 6 ቀን ራሱን ገደለ። የሱን ቀብር አልተርክም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁና።

ጥሩወርቅ ግን አልቀረችም፤ ከእንግሊዙ ጦር ጋር ወደ ሰሜን ተጓዘች። ልጁ እንግሊዝ አገር እንዲያድግ የባሏ ፈቃድ ነው ብላ ተናገረች። ልብ በሉ፤ ከዚያ ሁሉ ኩርፊያ በኋላ የሟቹን ቃል ለፈረንጆች ያደረሰችው እሷ ናት። በሳንባ ነቀርሳ ተዳክማ ግንቦት 8 ቀን 1860 ዓ.ም. መንገድ ላይ አረፈች፤ ጨለቆት ቀበሯት። አለማየሁ ሰባት ዓመቱ ነበር።

የጥሩወርቅ እናት ወይዘሮ ላቂያዬ ግን በሕይወት ነበረች። ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፈች፤ ከዘመዶቼ ሁሉ የቀረኝ ይህ ልጅ ነው፣ አደራ አለች። ልጁ ወደ አገሩ አልተመለሰም። ሕዳር 5 ቀን 1872 ዓ.ም. ሊድስ ከተማ ላይ፣ በ18 ዓመቱ ሞተ፤ ዊንድሰር፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት ቀበሩት። በ2015 ዓ.ም. ዘመዶቹ ዐፅሙ ይመለስልን ብለው ጠይቀው ነበር፤ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት የሌሎቹን ሙታን ዕረፍት ሳያውክ ሊያወጣው እንደማይችል መልስ ሰጠ።