ጉልበት ያልገባበት ሒሳብ፦ ከእንግሊዞች ጋራዥ እስከ ሐረር ፔጆዎች

በእንግሊዝ አገር ዕድሜው ከ40 ዓመት ያለፈ መኪና የመንገድ ግብር አይከፍልም። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ደግሞ ብዙም ካልተቀየረ ዓመታዊ ምርመራውም ቀርቶለታል። ጡረታ ወጥቷል ማለት ነው፤ እሑድ እሑድ ተወልውሎ ብቅ ይላል፣ ክረምቱን ሸራ ለብሶ ይተኛል። ሐረር ላይ ግን ከእሱ የሚበልጥ ፔጆ 404 ዓመት በመጣ ቁጥር ለቦሎ ይሰለፋል። ፍሬኑ ይፈተሻል፣ መብራቱ ይታያል፤ ካለፈ በማግስቱ ከሐረር በር ወደ ፈረስ መጋላ ሰው ጭኖ ይወርዳል። ሁለቱም አሮጌ መኪና ናቸው፤ ቴሌቪዥን የወደደው ግን ጡረተኛውን ነው።

እንግሊዞች ይህን ፍቅር የቴሌቪዥን ዘውግ አድርገውታል። የእንስሳት ሐኪሙ ማርክ ኢቫንስ ኤም.ጂ. ሲገጣጥም፣ ከዚያም ላንድሮቨር ሲያድስ በዲስከቨሪ ቻናል ታየ። በ2003 እ.ኤ.አ. «ዊለር ዲለርስ» ተጀመረ። ማይክ ብሩወር ተከራክሮ ይገዛ፣ ቁመተ ሎጋው ኤድ ቻይና ይፈታና ይገጥም፣ ብሩወር መልሶ ይሸጥ ነበር። በ2013 የመጣው «ካር ኤስ ኦ ኤስ» ነገሩን ወደ ዕንባ ወሰደው። ሕመም ወይም ችግር ያደከመው ሰው መኪና ቤተሰቡ ተባባሪ ሆኖ ከጓሮው በድብቅ ይወሰዳል፤ ቲም ሾውና የቀድሞው የሮክ ባንድ ከበሮ መቺ ፈዝ ታውንሼንድ አድሰው ባለቤቱ ሳያስበው ፊቱ ያቆሙለታል። በዓመቱ ቻናል ፎር «ፎር ዘ ላቭ ኦቭ ካርስ»ን ይዞ ብቅ አለ፤ ሌሎችም ተከታተሉ።

ከሁሉም የሚገርመኝ የ«ዊለር ዲለርስ» ማሳረጊያ ነው። የመግዣው ዋጋ ይጻፋል፣ የመለዋወጫው ይደመራል፣ ከመሸጫው ይቀነሳል፣ ትርፉ ይነገራል። የኤድ ቻይና የሥራ ሰዓት ግን ከሒሳቡ ውስጥ አልነበረም። ቢገባ ትርፍ የሚባል ነገር አይኖርም ነበር፤ በእንግሊዝ የአንድ መካኒክ ሰዓት ከብዙ ዕቃ ይወደዳልና። በ2017 እ.ኤ.አ. ኤድ ቻይና ፕሮግራሙን ሲለቅ የሰጠው ምክንያትም ከዚሁ ይገናኛል፤ አዘጋጆቹ የጋራዡን ዝርዝር ሥራ መቅረጽ ከባድ ነው ብለው ሊያሳጥሩት ፈልገው ነበር። በሒሳቡ ያልተቆጠረው ጉልበት ከምስሉም ሊቀነስ ሆነ።

ሐረር ላይ ሒሳቡ ይገለበጣል። እጅ አለ፣ ዕቃ የለም። የ404 በር ቢገጭ በር አይገዛም፤ ባትላሜራው ከውስጥ ብረት ደግፎ ከውጭ በመዶሻ ቀስ እያለ ያወጣዋል፣ ስቱኮ ይቀባል፣ ያሸዋል፣ ቀለም ይነፋል። ጓርኒሲዮን ቢቃጠል ከወፍራም ወረቀት ወይም ከቆርቆሮ በመቀስ ተቆርጦ ይወጣል። ያልተገኘው ብረት ቶርኖ ቤት ሄዶ ይቀረጻል፤ ካልሆነም ከሌላ ዓይነት መኪና የተነቀለ ዕቃ ተሞርዶ ልክ ይደረጋል። አዲስ አበባ ያለ ሰው ሶማሌ ተራ ወርዶ ከተፈታ መኪና መሐል ይፈልጋል። ለሐረሩ ፔጆ ግን ዋነኛው መጋዘን ቆሞ የቀረው ሌላው ፔጆ ነው፤ አንዱ ሲሞት ለሦስት ለአራቱ ዕድሜ ይሰጣል።

እንግሊዝ መኪና ሲያረጅባት መኪናውን ብቻ ሳይሆን ፋብሪካውንም ታድሳለች። ብሪቲሽ ሞተር ሄሪቴጅ የተባለው ድርጅት ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኤም.ጂ.ቢ.ን ሙሉ አካል በቀድሞው የፋብሪካ መሣሪያ እያተመ ይሸጣል። ላንድሮቨርም በ2016 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያዎቹን «ሲሪስ ዋን» መኪኖች ራሱ አድሶ መሸጥ ጀመረ፤ ዋጋቸውም ከ60 ሺህ ፓውንድ በላይ ነበር። የእነዚያ ፕሮግራሞች ዋና ባላንጣ ዝገት መሆኑም ያለ ምክንያት አይደለም። በክረምት በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው የመኪናውን ሆድ ይበላዋል። ሐረር ጨው የሚበትን የለም። የእኛ ባላንጣ ሌላ ነው፤ ጉድጓዱ፣ ጭነቱ፣ በተለይም ከድሬዳዋ ሲወጡ የሚያጋጥመው የደንገጎ ዳገት፤ ራዲያተር የሚያፈላ፣ ቁልቁለቱ ደግሞ ፍሬን የሚጨርስ።

የመኪና ነገር ከተነሣ እንግሊዞች ወደዚህ አገር የመጡት ገና ድሮ፣ ያውም ትርኢት ይዘው ነው። በ1900 ዓ.ም. ቤዴ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ መኪናውን ከጅቡቲ ተነሥቶ በረሃውን አቋርጦ፣ በሚነዳበት እየነዳ በማይነዳበት እያስጎተተ አዲስ አበባ ለአፄ ምኒልክ አደረሰ። ክሊፎርድ ሃሌ የጻፈው የጉዞው ታሪክ በ1913 እ.ኤ.አ. ታትሞ ወጣ። የቴሌቪዥን ካሜራ ባይኖርም ቅርጹ ከዛሬው ፕሮግራም ብዙም አይርቅም፤ መከራ፣ ብልሽት፣ በመጨረሻም ንጉሥ ፊት ቀርቦ መንዳት። መጋቢት 17 ቀን 1933 ዓ.ም. ደግሞ በእንግሊዝ ዕዝ ሥር ያለው የናይጄሪያ ብርጌድ ጣሊያንን እያሳደደ በጅጅጋ በኩል የማርዳን መተላለፊያ አልፎ ሐረር ሲገባ በካሚዮን ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ላንድሮቨር መጣ። እንግሊዝ የብረት ችግር ስለነበረባት አካሉን ከአሉሚኒየም ሠርታ በ1948 እ.ኤ.አ. ለዓለም ያሳየችው መኪና፣ አውቶቡስ በማይደፍረው የገጠር መንገድ ለረጅም ዘመን ሕዝብ ማመላለሻችን ሆኖ ኖሯል። ከፊት ሦስት፣ ከኋላ የቻለውን ያህል።

ታዲያ ሐረርን ለምን ፔጆ ያዛት? መልሱን ባቡሩ ላይ መፈለግ ይሻላል። የፈረንሳዮቹ ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ ጅቡቲም እስከ 1977 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ እጅ ነበረች። ከወደቡ እስከ ድሬዳዋ ሐዲድ፣ ከድሬዳዋ እስከ ሐረር ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል አስፋልት፤ አዲስ አበባ ፊያት ሰይቼንቶን፣ በደርግ ጊዜም ላዳን ታክሲ ስታደርግ ምሥራቁ ወደ ፈረንሳይ ዕቃ ቢያደላ አያስደንቅም።

404 ራሱ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል። መልኩን የሣሉት ጣሊያኖቹ ፒኒንፋሪናዎች ናቸው፤ በ1960 እ.ኤ.አ. ሶሾ ከሚገኘው የፔጆ ፋብሪካ ወጣ። የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ በ1963፣ 1966፣ 1967 እና 1968 እያሸነፈ በጭቃና በአቧራ ስም አወጣ። ፈረንሳይ ማምረቱን በ1975 ብታቆምም ኬንያ እስከ 1990ዎቹ መግቢያ ድረስ ትገጣጥመው ነበር። ኮፋኖው ሲከፈት 1618 ሲሲው ሞተር በ45 ዲግሪ አጋድሎ ይታያል፤ ካንዴላው፣ ካርቡራተሩ፣ ሁሉም እጅ በሚደርስበት ቦታ ነው። ኮምፒውተር የለውም፣ ስለዚህ ኮምፒውተር የሚጠይቅ ብልሽትም የለውም። ማርሹ ከመሪው ሥር ስለሆነ ከፊት መሐል ላይ እግር የሚያስቀምጡበት ቦታ ተርፏል። ያ ቦታ ደግሞ ለባለ ታክሲ አንድ ሰው ነው፤ አንዳንዴም አንድ ፍየል።

በአሮጌው የሐረር ከተማ፣ በጀጎል ውስጥ ግን የፔጆው ሥልጣን ውስን ነው። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሳጠሩት ግንብ ሲሠራ መኪና አልታሰበም፤ ከ360 የሚበልጡት መተላለፊያዎች አብዛኞቹ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ የሚተላለፍባቸው ናቸው። ስለዚህ ፔጆው ዋናውን መንገድ ይዞ ይገባል፣ ሰውና ዕቃ አራግፎ ይወጣል፤ ሌላው በእግር ነው። በ1998 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጀጎልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ግንቡን፣ መስጊዶቹንና ቤቶቹን ነው የቆጠረው። በራፉ ላይ ተሳፋሪ የሚጠራው ሰማያዊ ፔጆ መዝገቡ ውስጥ የለም፣ ሊኖርም አይገባም ባይ ነኝ። ቅርስ ተብሎ ቢመዘገብ ማን ከነጭነቱ ዳገት ያስወጣዋል?

ፔጆውን ከገበያ የገፋው ባጃጅ ነው። ነዳጁ ትንሽ፣ ዕቃው በየሱቁ፣ ፔጆ በማይገባበት ጠባብ መንገድም የሚሹለከለክ። በሌላ በኩል ፔጆውን ያቆየው፣ ሳያስበው፣ ራሱ መንግሥት ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ከውጭ ማስገባትን እጅግ አስወደደው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። አዲስ የነዳጅ መኪና ካልገባ ያለው መጠገን አለበት። ፖሊሲ አውጪዎቹ የኤሌክትሪክ መኪና ሲያስቡ ባትላሜራውን ገበያ አስገኙለት።

ኩባም እንዲህ ሆና ነበር። ከአሜሪካ ጋር የነበራት ንግድ ተቋርጦ የ1950ዎቹ ሸቭሮሌዎች በሩሲያ ዕቃ፣ በናፍጣ ሞተርና በብልሃት ሲነዱ ኖሩ፤ በ2015 እ.ኤ.አ. ዲስከቨሪ ሄዶ ተከታታይ ፕሮግራም ሠራባቸው። ሐረርም አንድ ቀን ካሜራ ቢመጣ የሚቀረጽ አይጠፋም፤ መዶሻው አለ፣ ጭሱ አለ፣ ጨዋታ አዋቂ ሾፌርም በሽ ነው። አዘጋጁ የሚቸገረው መጨረሻው ላይ ነው። ፕሮግራሙ መኪናው ከሸራ ሥር ሲገለጥ ባለቤቱ አፉን ይዞ እንዲያለቅስ ይፈልጋል። የዚህኛው ባለቤት ግን ከጠዋት ጀምሮ ከመኪናው ሥር ተኝቶ ብሎን ሲያጠብቅ የዋለ ነው፤ ተነሥቶ እጁን በጋዝ ታጥቦ፣ አመሻሹ ላይ የሚገኘው ሰው እንዳያመልጠው ቶሎ ማስነሣት ነው የሚፈልገው።